የማይነክስ እጅ

ቪዛ አንድ ጫማዋን አውልቃ የአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ዘጭ ስታደርገው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቋንቋ አስተማሪው ራሱ፣ ያ ፈገግታ በወር አንዴ የሚሰፈርለት የሚመስለው ሰውዬ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«በብርዱ አገር» አለች ቪዛ፣ ባለ ካልሲ እግሯን አንጠልጥላ፣ «ጫማ አውልቂ ይሉሻል፤ ታወልቂያለሽ። ቀበቶ ይሉሻል፤ ትፈቺያለሽ። ጃኬት፣ ሰዓት፣ የፀጉር ጌጥ። ውሻ መጥቶ ያሸትሻል። ከዚህ በኋላ የቀረኝ ቆዳዬ ነው፣ እሱን የማወልቀው እናቴ ባለችበት ነው አልኩት፤ በሆዴ።»

ዴስክ የሚደበድበው ደበደበ፣ የሚያፏጨው አፏጨ። ፓይለት ከኋላ ቁጭ ብላ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። እያንዳንዱን ቃል ቪዛ ሳትለው በፊት ታውቀዋለች፤ የጻፈችው እሷ ናታ! ወይኔ፣ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ቃልሽ ከሰው አፍ ወጥቶ፣ ክፍሉን ዞሮ፣ ሳቅ ሆኖ ሲመለስልሽ! ደስታው እግሯ ድረስ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ ጣቶቿ ይጨፍሩ ነበር።

«በአሸዋው አገር ደግሞ» አለች ቪዛ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች፣ «ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። ፈታሹ ስልክ ላይ ነው። ሚስቱ ነች መሰለኝ፣ እየተቆጣችው ነው። ዝሆን እየጎተትሽ ብታልፊ፣ እሜቴ ዝሆንሽ መንገድ ዘጋ ነው የሚልሽ።»

ከዚያ የእኛው ኤርፖርት መጣ። ቪዛ ትከሻዋን አጎበጠች፣ አገጯን ወደ ደረቷ ሳበች፣ በአንድ ጊዜ ትልቅ ሴትዮ ሆና ቁጭ አለች። ብርድ እንደያዘው ሰው ሁለት እጇን አፋተገች።

«ክንድሽን ዘርጊ የኔ ልጅ። አሁን ትከሻሽን ልነካ ነው። አሁን ደግሞ ጎንሽን ልነካ ነው። አይዞሽ፣ እጄ ይቀዘቅዛል እንጂ አይነክስም።»

ይህን ብላ ከጠረጴዛው ላይ ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ አነሳች። ይቺ አታልፍም አለችና የራሷ ኪስ ውስጥ ጨመረቻት። ኪሷን መታ መታ አድርጋ ወደ ክፍሉ ዞረች።

«እውነቷን ነው ጎበዝ። አይነክስም። ይውጣል!»

ምን አለፋችሁ፣ የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ምን ሆናችሁ ብሎ በሩን ከፈተ። ፓይለትም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ብቻ ሳቋ መሐል አንዲት ቀጭን ነገር፣ የዓሣ አጥንት የምታህል፣ ጉሮሮዋ ላይ ቆመች። ዋጥ አደረገቻት።

ቪዛ ቪዛ የተባለችው፣ ነጋዴ አባቷ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር አስከትሏት ስለሚበር ነው። የፓይለት ስም ግን ሌላ ታሪክ አለው። ትምህርት ቤቱ የገባች ሰሞን እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሏት «ኤርፖርት» አለች። አንዱ ከኋላ «ፓይለት ናት?» አለ። አዎም አላለች፣ አይም አላለች፤ ሳቅ ብላ ዝም። ስሙ እንደ ማስቲካ ተለጠፈባትና ቀረ። አውሮፕላን የምታውቀው ከቤታቸው ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ነው፤ ያውም ሆዱን ብቻ።

እናቷ ፈታሽ ናት። ሴት መንገደኞችን የምትፈትሽ፣ ሰማያዊ ጓንት የምታጠልቅ፣ ስትቆም ውላ ማታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ የምትዘፈዝፍ። ነውር የለበትም። ፓይለትም ነውር እንደሌለበት ታውቃለች፤ ለብቻዋ ስትሆን በደንብ ታውቃለች። ከቪዛ ጎን ስትቀመጥ ነው ምላሷ የሚተሳሰረው።

ጽሑፉ እንዴት እንደተጻፈ ልንገራችሁ። አስተማሪው ሦስት ነገር አወዳድራችሁ ንግግር አቅርቡ፣ አንዱ ይጻፍ አንዱ ይናገር አለ። ቪዛ ወዲያው ፓይለትን መረጠቻት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል! ከትምህርት ቤቱ ኋላ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቪዛ የብርዱንና የአሸዋውን አገር ፍተሻ ስታወራላት ፓይለት ሳቋን መያዝ አቅቷት እስክሪብቶዋ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ቪዛ አፏን አጣመመች። የእኛው ምንም የሚወራ የለውም አለች።

«አንዲት ሴትዮ ፈተሸችኝ። አይዞሽ ምናምን አለችኝ፣ አለፍኩ። ደግ ናት። ደግ ሰው ደግሞ አያስቅም።»

የፓይለት ልብ ደረጃውን ዘሎ ወረደ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር እንዴ ብላ ልትጠይቅ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው። ሴት ፈታሾች ብዙ ናቸው፤ ማን እንደሆነች በምን ይታወቃል? ይልቅስ ሌላ ነገር ታያት። ቪዛ ያልነበራት ሦስተኛው ክፍል ሙሉውን እሷ ቤት አለ። ገና ሳይጻፍ ያስቃታል። እናቷ እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ በረዶ ነው። ፀጉር ስትሠራት እንኳ «አሁን አንገትሽን ልነካ ነው» ሳትል አትነካትም፤ ሥራው ደሟ ውስጥ ገብቷል። የልጇን ቦርሳ በእጇ ከፍታ አታውቅም፤ «አንቺው ክፈቺው» ትላለች፣ እንደ መንገደኛ። የሚፈራ መንገደኛ ሲመጣ የምትለውን ደግሞ ፓይለት በቃሏ ታውቃለች፦ እጄ ይቀዘቅዛል እንጂ አይነክስም። ባልቴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሳቅ ብለው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ እናቷም ማታ ማታ ሳቃቸውን ይዛ ትመጣና ለልጇ ታካፍላለች።

ፓይለት እሱን ሁሉ ጻፈችው። «ለእኔ ተዪው» ብላ ወስዳ አንድ ምሽት ላይ ጨረሰችው። ሽቶውም ያን ምሽት መጣ፤ ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ፣ መጣ። መጨረሻው ላይ ክፍሉ በሳቅ መፍረስ አለበት፣ «ይውጣል» የምትለዋ ቃል ደግሞ እንደ ብርቱካን ክብ ሆና ጫፏ ላይ ተቀመጠች። ብዕር ሲፈጥን ልብ ወደ ኋላ ይቀራል።

አላወቀችም ማለት ግን አይቻልም። እናቷ የነገረቻት ነገር አለ። መንገደኛ ጥላው የሄደችውን ሊፕስቲክ ቦርሳዋ ውስጥ የጨመረች አንዲት ፈታሽ፣ ያውም አልቆ ቀፎው ብቻ የቀረ ሊፕስቲክ፣ በዚያው ቀን ባጇን ተቀብለው አባረዋታል። ስንት ውድ ሽቶ በእጇ እያለፈ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንደሚገባ፣ ከቅርጫቱ የሚወጣው ሽታ ራሷን እንደሚያዞራት፣ እሷ ግን በዕድሜዋ አንድ ጠርሙስ ኖሯት እንደማያውቅ፣ ይህንንም ፓይለት ሰምታለች። ሰምታ ጻፈች።

አንዱ ልጅ ንግግሩን ቀርጾት ኖሮ ቪዛ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ኸረ እንዴት ቀወጠው! በማግስቱ ግቢው ውስጥ ልጆች እስክሪብቶ እየተነጣጠቁ አንዱ «አይነክስም!» ሲል ሌላው «ይውጣል!» እያለ ይሮጣል። ካንቲን ያለችው ሴትዮ እንኳ መልስ ስትሰጥ «አልዋጥኩብህም» አለች። የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነች የትም አልተጻፈም። ፓይለት ይህ ትንሽ ከንክኗታል፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ያኔ የከነከናት ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ እናቷ ገባች።

ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበር። እናቷ ሁልጊዜ ስትገባ መጀመሪያ ባጇን አውልቃ ከበሩ ኋላ ያለው ሚስማር ላይ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ጫማዋን፣ ከዚያ «የኔ እናት፣ በላሽ?» ትላለች። ዛሬ ከነጃኬቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባጁ ደረቷ ላይ ነው። ሰማያዊ የነበረው ቢጫ ሆኗል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ፓይለት።

ወደ ሠራተኛ በር አዘዋውረዋት ነው። መንገደኛ ከሚያልፍበት አዳራሽ አንስተው ጽዳቶችና ዕቃ ጫኞች በሚገቡበት፣ ጀነሬተር በሚያጓራበት በር ላይ አቁመዋታል። እናቷ ነገሩን ቀስ እያለች አወራች፤ የሌላ ሰው ነገር የምታወራ ነበር የምትመስለው። ጠዋት አንዲት መንገደኛ ክንዷን ስትዘረጋ ሽቶዋን በሌላ እጇ ጨብጣ እያየቻት ሳቀች። ቀጥላ የመጣችውም ሳቀች። አንዱ ባልደረባዋ ስልኩን ዘረጋላት፤ አንቺ ነሽ አይደል አላት። ያንን ንግግር ከእሷ በቀር የሚል ፈታሽ እንደሌለ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኩለ ቀን ሳይሆን ኃላፊው አስጠራት። ኮንትራቷ በዚህ ወር የሚታደስ ነበር፤ እንዲያውም የፈረቃ መሪ ትሆናለች እየተባለ ነበር።

ስልኳን አወጣች። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ቪዲዮውን ከፈተችና በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ስንተኛዋ እንደሆነ እንጃ። ስንጥቁ በቪዛ ፊት ላይ ያልፋል። ቪዛ «ይውጣል!» ስትልና ክፍሉ ሲስቅ እናቷ አልተቆጣችም። ፓይለት ቁጣውን ነበር የጠበቀችው።

«ይቺን ልጅ አስቀይሜያት ይሆናል» አለች እናቷ። «ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ፊቷ አዲስ አይደለም። አይዞሽ ስላት አልሳቀችም መሰለኝ። ቸኩዬ ይሆን? ሽቶዋንም ቅርጫት ጨምሬባት ይሆናል፣ ልጅ ናት፣ የወሰድኩት መስሏት...»

«እማ፣ ቀልድ ነው እኮ።»

«ቀልድ ነው?» ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ማሽኑ አለልሽ አይደል፣ ዕቃ የምናይበት። አንዳንዴ የሌለ ቢላዋ ያሳየናል፤ ነቅተን መሆኑን ሊያይ። ግን እሱ እንኳ ሲዋሸኝ፣ ኋላ ላይ ሙከራ ነበር ብሎ ይጽፍልኛል።»

ፓይለት የአልጋውን ልብስ ክር መምዘዝ ጀመረች።

ኃላፊው ያለው ይህ ነው፦ ልጅቷ ወይም ከእነሱ ወገን የሆነ ሰው መጥቶ ነገሩ ፈጠራ ነው ካለ ፋይሉ ይዘጋል። ካልሆነ ግን የተቋሙን ስም ያነሳ ነገር ስለሆነ ኮንትራቱ አይታደስም። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቷታል። እናቷ ይህን ተናግራ ስልኩን ወደ ልጇ ዘረጋችው።

«የእናንተ ዩኒፎርም ነው አይደል? ታውቂያታለሽ?»

ያኔ ነበር። አፍ የሚከፈትበት ቦታ ያ ነበር፤ እናቷ ጎን፣ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ማንም በሌለበት።

«አላውቃትም» አለች ፓይለት። «ሌላ ክፍል ናት መሰለኝ።»

እንዴት ቀልሎ ወጣ! እንደ ሽቶዋ፣ እንደ «ይውጣል»፣ እንደዚያው ቀልሎ።

«ካገኘሻት» አለች እናቷ ጫማዋን ለመፍታት እያጎነበሰች፣ «እናቴ ይቅርታ ትልሻለች በያት። ከክፋት እንዳልሆነ ንገሪያት።»

በማግስቱ ፓይለት ቪዛን ከኋላ ደረጃው ላይ አገኘቻት። ቪዛ በደስታ እየበረረች ነበር። ንግግሩ የዓርብ ዕለት ወላጆች በተጠሩበት መድረክ ላይ ይቀርባል ተብሏል፤ ርዕሰ መምህሯ ራሷ አይታ ስቃለች። የፈታሿን ክፍል እናስረዝመው፣ ኮፍያ እንጨምርላት፣ አንቺ ደግሞ መንገደኛዋን ሆነሽ ትወጫለሽ አለቻት ቪዛ። መድረክ! ከቪዛ ጋር! ሌላ ሳምንት ቢሆን ፓይለት ደረጃውን በአንድ እግሯ ትዘለው ነበር።

ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ሽቶው ፈጠራ ነው ብለሽ ቪዲዮው ሥር ብትጽፊስ አለቻት። አንዲት ሴትዮ በዚህ ምክንያት ከሥራ ልትወጣ ነው አሉ።

«ማን አለ?»

«ሰማሁ።»

ቪዛ ከላይ እስከ ታች አየቻት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንደሱ እንዳታስቡ። ፊቷ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ነው።

«እኔ እኮ ደግ ናት ነው ያልኩሽ» አለች። «ቃል በቃል። እዚሁ ቁጭ ብለን። ሌባ ያደረግሻት አንቺ ነሽ።»

«ለሳቅ ነው የጻፍኩት።»

«እኔም ለሳቅ ነው የተናገርኩት። አሁን ሽቶው ፈጠራ ነው ካልኩ ሁሉም ፈጠራ ነው ይሉኛል። ጭራሽ ይቺ አውሮፕላን ረግጣ አታውቅም ብለው ሙድ ይይዙብኛል።»

ፓይለት ልትስቅ ምንም አልቀራት። የማይሳቅ ሳቅ አለ አይደል፣ እንደሱ።

ቪዛ ግን አዘነችላት መሰለኝ፣ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «ምን ያስጨንቅሻል? እናትሽ እዚያ አይደለች እንዴ የምትሠራው? ትልቅ ሰው ናት፣ አንድ ቃል ብትናገርላት ያልቃል። ለእናትሽ ንገሪያት።»

ደወል ተደወለ። ልጆች በሩ ላይ እየተጋፉ መግባት ጀመሩ፤ አንዱ በሩጫ ሲያልፍ የሌላውን ዳቦ ነጥቆ «አይነክስም!» አለ። ፓይለት ደረጃው ላይ ቆማ ሁለቱን እጇን ኪሷ ከተተች። ቀዝቅዘዋል። የእናቷ እጅ ነው ያላት፤ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም።

«እነግራታለሁ» አለች።

ያን ዕለት አልነገረቻትም። በማግስቱም አልነገረቻትም። እናቷ ከሥራ ስትመጣ ሁለት ጊዜ «ልጅቷን አገኘሻት?» አለቻት፤ ሁለት ጊዜ አላገኘኋትም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እናቷ መጠየቅ ተወች፤ ይህኛው ባሰ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቷ ፀጉሯን ልትሠራት ከኋላዋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ፓይለት እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋ አድርጋ ማስጠንቀቂያውን ጠበቀች። በረዶ የሆነ እጅ ድንገት ማጅራቷ ላይ ሲያርፍ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

«እማ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምኑን?»

«ልትነኪኝ እንደሆነ ነዋ።»

ማበጠሪያው ፀጉሯ መሐል ቆመ።

«ከምትፈትሺው ሰው ጋር እንዳታወሪ ተብያለሁ» አለች። «ፈትሸሽ አሳልፊ፣ ወሬ የለም አሉኝ። ቀኑን ሙሉ አፌን ስይዝ እየዋልኩ፣ እዚህም ይዤው መጣሁ መሰለኝ።»

ማበጠሪያው ቀጠለ። ፓይለት ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። በመስኮቱ በኩል አውሮፕላን አለፈ፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩ፣ እናቷም እንደ ሁልጊዜው ጫጫታው እስኪያልፍ እጇን አቆመች። የኔ ልጅ አላለችም። አይዞሽም አላለች። ሲያልቅ ጫፉን አስራ ትከሻዋን መታ አድርጋ ተነሳች።

ዓርብ ጠዋት እናቷ የሠራተኛ ሰርቪስ የሚቆምበት ጥግ ላይ ስትደርስ ፓይለት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከኋላዋ ነበረች። ትምህርት ቤቱ በዚያው መንገድ ላይ ስለሆነ እናቷ እስከዚያ አድርሳት ብላ ሾፌሩን ለመነችው። ሾፌሩ ጢሙን እያሻሸ አያት።

«ይቺ የማን ናት?»

«የእሷ ልጅ ነኝ» አለች ፓይለት፣ ማንም ሳይቀድማት። እናቷ ዞር ብላ አየቻት። የእናቷ መሥሪያ ቤት ሰው ፊት ይህን ብላ አታውቅም ነበር፤ ከእናቷ ባልደረቦች አንዱንም አግኝታ አታውቅም።

ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ሲደርሱ «ወራጅ በይ እንጂ» አለቻት እናቷ። ከአጥሩ ውስጥ መድረክ ይሠራል፤ ወንበር የሚደረድሩ ልጆች ይታያሉ። ቪዛ ይሄኔ ኮፍያውን ለብሳ እየጠበቀቻት ይሆናል።

«አልወርድም። ኃላፊያችሁ ጋ ነው የምሄደው።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ስለ ልጅቷ ልነግረው።»

የእናቷ ፊት በራ። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ፓይለት ያን ብርሃን ላለማየት አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አገኘሻት?»

«አገኘኋት።»

«ምን አለች?»

«ስንደርስ እነግርሻለሁ።»

እናቷ ደግማ አልጠየቀችም። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ፈገግ እንዳለች ሄደች። ቀስ ብላ የጃኬቷን ኮሌታ አስተካከለች።

የሠራተኛው በር ከሕንጻው ኋላ ነው። ጀነሬተሩ ያጓራል፣ ግድግዳው ዘይት ዘይት ይላል። እዚህ መስተዋት የለ፣ ምንጣፍ የለ፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ብረት ሲያልፍ የሚጮህ በር፣ የተደራረቡ ግራጫ ትሪዎች። ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ አለ። ከበሩ ውጪ ጽዳቶች ባልዲያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እናቷ ገብታ ተፈትሻ ቦታዋን ያዘች፤ ጓንቷን አጠለቀች። የመጀመሪያው ተራ የልጇ ነበር።

«እንግዳም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን ይፈተሻል» አለ ሰውዬው ከማሽኑ ኋላ። ቀጠለና «ብቻ እቺን እንዳትውጫት» አለ። ሁለት ጽዳቶች ሳቁ። እናቷ እንዳልሰማች ሆነች።

ፓይለት ቦርሳዋን ትሪው ላይ አኖረች። ቦርሳው ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ ሰውዬው የብረት ነገር አለ አለ። እናቷ ቦርሳውን ወደ ልጇ ገፋችላት።

«አንቺው ክፈቺው።»

ከፈተች። ኮምፓስ ነበር፤ የሒሳብ። አሳየቻት፣ መልሳ ጨመረችው። ከዚያ መስመሩ ላይ ቆመች። ያን ሁሉ ስለ ፍተሻ ጽፋ፣ አገር ምድሩን አስቃ፣ ተፈትሻ ግን አታውቅም። የምትቆሚበት ቦታ ላይ የእግር ምልክት እንዳለ አታውቅም ነበር። ክንድሽን ስትዘረጊ ደረትሽ እንደሚከፈት፣ ሰው ሁሉ እንደሚያይሽ፣ ይህን ማን ነገራት? አንድ ሰው አይዞሽ ቢላት ምንኛ ደስ ባላት!

እናቷ ትከሻሽን ልነካ ነው አላለችም። የእጇን ጀርባ ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ቅዝቃዜው በጓንቱና በዩኒፎርሙ አልፎ ተሰማት።

«እማ» አለች ፓይለት፣ ቀስ ብላ። «ልጅቷ እኔ ነኝ።»

እጁ ክንዷ ላይ ይወርድ ነበር።

«የተናገረችው ጓደኛዬ ናት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽቶዋን፣ ይውጣልን፣ ሁሉንም። እሷማ ደግ ናት ነበር ያለችኝ።»

እጁ ክርኗ ጋ ቆመ።

ጀነሬተሩ ያጓራል። ከኋላ አንዷ ጽዳት ባልዲዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። ፓይለት ቀና ብላ የእናቷን ፊት ማየት ፈለገች፤ አልቻለችም። የምታየው ቢጫውን ባጅ ብቻ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንድ ቃል ብትሰድባት፣ አንዴ በጥፊ ብትላት፣ ፓይለት እዚያው እግሯ ላይ ትወድቅ ነበር። እጁ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ መንገዱን ቀጠለ፤ ወደ አንጓዋ፣ ተመልሶ ወደ ብብቷ፣ ወደ ጎኗ፣ በጀርባው፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ለማንም እንደሚያደርገው።

«ዙሪ» አለቻት።

ዞረች። እጁ ጀርባዋን ወረደ። ትላንት የተሠራው ፀጉር ጋ ሲደርስ ዘለለው።

«ሌላ የያዝሽው ነገር አለ?»

ይህ ለሁሉም የሚባል ነው፤ ፓይለት ታውቀዋለች። ቢሆንም መልሱን ፈለገች።

«የለም» አለች። «በቃ ይሄው ነው።»

«እለፊ።»

አለፈች። ቦርሳዋን አነሳች። የኃላፊው ቢሮ በየት ነው ብላ ሰውዬውን ጠየቀችው፤ በአገጩ አሳያት። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ከጫፉ አንድ የተዘጋ በር አለ። ወደዚያ መራመድ ጀመረች።

ከኋላዋ የቀጣይዋ ጽዳት ባልዲ ወለሉ ላይ ቀጭ ሲል ሰማች።

«ክንድሽን ዘርጊ» አለች እናቷ።

ፓይለት እርምጃዋን አዘገየች። የቀረውን ጠበቀች፤ የኔ ልጅ የሚለውን፣ አይዞሽ የሚለውን፣ እጄ ይቀዘቅዛል የሚለውን። ጀነሬተሩ ብቻ ነው የተሰማው። በሩ ጋ ደርሳ አንኳኳች።